የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ ባለቤቱ ሲጠራ ግን ያምራል!

የምረቃ ሰሞን በደረሰ ቁጥር “እስቲ ጽሑፌን እይልኝ” የሚሉኝ ወጣቶች ይበዛሉ። ታዲያ የብዙዎቹ ጥያቄ አንድ ነው፤ “ሐሳቡ ከገባኝ ይቺ የኮማና የቅንፍ ጣጣ ምን ታደርግልኛለች?”

አንዷን ልንገራችሁ። ጎበዝ ተማሪ ናት። ቤት ውስጥ ለምረቃው ጠላ ተጠምቆ ሳለ፣ አማካሪ መምህሯ “ይሄ ያንቺ ቃል አይደለም” ብለው ጽሑፏን መለሱባት። ልጅቷ ልስረቅ ብላ አልተነሳችም። ከመጽሐፍ የገለበጠችውንና የራሷን ሐሳብ አንድ ደብተር ላይ ስትቀላቅል ደራሲውንም ገጹንም አልያዘችም። ከወራት በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። ደግነቱ ማስተካከያ ጊዜ አገኘች።

ያላገኙም አሉ። የጀርመኑ መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ዙ ጉተንበርግ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የሃንጋሪው ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚት ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ሥልጣን የለቀቁት በዶክትሬት ጽሑፋቸው ውስጥ ምንጩ ያልተጠቀሰ የሰው ጽሑፍ ተገኝቶ ነው። ዲግሪውም ወንበሩም አብሮ ሄደ!

የአጠቃቀስ ስልቶቹ ተማሪ ለማስጨነቅ የመጡ አይደሉም። በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ሳይንስ የሚሠራበት ኤፒኤ ዓመቱን ከስሙ አጠገብ ያደርጋል፤ ጥናቱ ያረጀ ይሁን አዲስ ወዲያው እንዲታይ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ኤምኤልኤ ገጹን ያስቀድማል። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ሰነድ ስለሚበዛባቸው የቺካጎን የግርጌ ማስታወሻ ይወዳሉ። ትምህርት ክፍላችሁ ያዘዘውን ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር በሱው ዝለቁ።

እኛን የሚነካ ነገርም አለ። የፈረንጅ ስልት የቤተሰብ ስም ያስቀድማል፤ የኛ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን “ዘውዴ፣ ባ.” ብትሉ መጽሐፉን ለአባታቸው ሰጣችሁት ማለት ነው! በኢትዮጵያ ጥናት የተለመደው “ባሕሩ ዘውዴ” ብሎ እንዳለ መጻፍ ነው። ዓመትም እንዲሁ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር” በ1958 ታተመ ስትሉ “ዓ.ም.” ካልጨመራችሁ፣ የውጭ አገር አንባቢ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። መጽሐፍ ስትገልጡ ከሁሉ በፊት ደራሲውን፣ ርእሱን፣ ዓመቱንና ገጹን ጻፉ። ቃል በቃል የወሰዳችሁትን በትእምርተ ጥቅስ ክተቱ። በራሳችሁ ቃል ብትለውጡትም ሐሳቡ የሰውየው ነውና ስሙን ጥሩ። ኮምፒዩተር ያዘጋጀላችሁን ዋቢ ሳታመሳክሩ አትመኑ፤ በዓለም ላይ የሌለ መጽሐፍ ፈጥሮ ይሰጣችኋል።

ነገ የእናንተንም ጽሑፍ አንድ ተማሪ ያነበዋል። ያኔ ስማችሁን እንዲጠራ ትፈልጉ የለ?