ጨለማን ፍለጋ ቁም ሣጥን ውስጥ

ባለፈው ገና መካነ ሰላም ወንድሜ ቤት ሳለሁ፣ ማታ መብራት ሄደ። የስድስት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ ጉያዬ ውስጥ ገባች። ውጭ የጎረቤት ውሾች ይጮኻሉ፣ ከወደ ገደሉ ደግሞ ጅብ ያላዝናል። እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ ቤት ውስጥ ከምድጃው ዳር ተነስቼ ጓዳ ለመግባት እንዴት እፈራ እንደነበር ትዝ አለኝ። ላፕቶፔ ግማሽ ያህል ባትሪ ነበረው። ከፈትኩትና “ነይ፣ ጨለማን ሊይዝ የወጣ ልጅ ላሳይሽ” አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። “ጨለማ ይያዛል እንዴ?” አለች።

የከፈትኩላት “ፓጃማ ሳም” የሚባል የኮምፒዩተር ጌም ነው። የወጣው በ1996 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ሳም የመኝታ ልብሱን የለበሰ፣ ሰማያዊ ፊት የተሳለለት ትንሽ ልጅ ነው። ጨለማ ይፈራል። አንድ ማታ ግን መብራቱ ሲጠፋበት ልቡን ሞላና ጭምብሉን፣ የእጅ ባትሪውንና የምሳ ዕቃውን ይዞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ የምሳ ዕቃው ጨለማን ይዞ ለመቆለፊያ ነው። ከቁም ሣጥኑ ወለል ወድቆ ራሱን የጨለማ አገር ውስጥ አገኘው። እዚያ ዛፎች ይናገራሉ። ይዘውም ሦስቱን ዕቃዎቹን ነጠቁት። የልጁ ሥራ ከዚህ ይጀምራል፤ ዕቃዎቹን አስመልሶ ጨለማ ቤት ድረስ መሄድ አለበት።

አጨዋወቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ስክሪኑ ላይ አንድ ሥዕል አለ፤ ዛፍ፣ ወንዝ፣ በር፣ ድንጋይ። በማውስ የፈለጉትን መንካት ነው። መሄጃ ከሆነ ሳም ይሄዳል። የሚነሣ ዕቃ ከሆነ ያነሣዋል፣ ዕቃውም ከስክሪኑ ግርጌ ይቀመጣል። ሰው ወይም የሚናገር እንስሳ ከሆነ ያናግረዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሩጫ የለበትም፣ ተኩስ የለበትም፣ እጅን የሚያጣድፍ ነገር የለበትም።

ታዲያ የወንድሜ ልጅ መጀመሪያ የነካችው መንገዱን አልነበረም። እግር ሥር ያለች አበባ ነካች፤ አበባዋ ዘፈነች። ድንጋይ ነካች፤ ከሥሩ አንድ ነገር ብቅ ብሎ ተመልሶ ተደበቀ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማት! ለታሪኩ ምንም የማይጠቅሙ፣ ለሳቅ ብቻ የተቀመጡ እንዲህ ያሉ ነገሮች በየሥዕሉ ሞልተዋል። እኔ ሠሪዎቹን ከምንም በላይ የማከብራቸው በዚህ ነው። ልጅ አንድን ነገር የሚነካው መነካት ስላለበት እንጂ ሊጠቅመው እንዳልሆነ አውቀዋል፤ ለእያንዳንዷ ንክኪም መልስ አዘጋጅተው ጠብቀዋል።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ኦቶ የሚባል ጀልባ አገኘን። ኦቶ ጀልባ ሆኖ ሳለ ውኃ ይፈራል። እኔ እንጨት ነኝ፣ ውኃ ውስጥ ከገባሁ እሰጥማለሁ ይላል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ በጆሮዋ እየተረጎምኩ ነበር። “ጀልባ ደግሞ ውኃ ይፈራል?” ብላ ሳቀች። ጀልባ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ዓባይ ከወረዳችን ከወሎ ቦረና በታች በገደሉ ውስጥ ቢያልፍም ለእኛ ልጆች ሩቅ ነው። ቢሆንም ገባት። ዝም ብላ አሰበችና ወደ ኋላ ተመለሰች። ያለፍንባቸውን ሥዕሎች አንድ በአንድ ፈተሸች፣ ቆይታም አንድ ሳንቃ አገኘች። ሳንቃውን አምጥታ ውኃው ላይ ስትጥለው አልሰጠመም፤ ተንሳፈፈ። ኦቶም አየ። ያን ጊዜ ፈራ ተባ እያለ ወደ ውኃው ገባ። እሷ ብድግ ብላ “እንጨት አይሰጥምማ! ነገርኩት እኮ!” አለች። መፍትሔውን ማንም ሳይነግራት አንድን ፈሪ በማስረጃ አሳምና ነበር።

የዚህ ጌም አባት ሮን ጊልበርት የሚባል አሜሪካዊ ነው። ቀድሞ ይሠራ የነበረው የ“ስታር ዋርስ” ፊልም ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ባቋቋመው የጌም ድርጅት ውስጥ ነበር። እዚያ በ1987 “ማኒያክ ማንሽን”ን፣ በ1990 ደግሞ በዓለም እጅግ የታወቀውን “መንኪ አይላንድ”ን ሠራ። እነዚህ ለትልልቆች ነበሩ። ከሥዕሉ በታች “ክፈት”፣ “ግፋ”፣ “ስጥ”፣ “አንሣ” የሚሉ ቃላት ተደርድረው ተጫዋቹ እየመረጠ ይጫወታል። ማንበብ ግድ ነው። በ1992 ጊልበርት ከሥራ ባልደረባው ከሼሊ ዴይ ጋር ወጥቶ በዋሽንግተን ግዛት “ሂውመንገስ ኢንተርቴይንመንት”ን መሠረተ። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ቃላቱን በሙሉ አነሷቸው። ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ በአንድ ጣት ብቻ ሙሉ ታሪክ እንዲመራ አደረጉ።

መጀመሪያ የወጣችው በዚያው ዓመት “ፓት ፓት” የምትባለዋ ሐምራዊ መኪና ናት። በ1994 ዓሣዋ “ፍሬዲ ፊሽ” ተከተለች፤ ከዚህች ጀምሮ ሥዕሎቹ እንደ ካርቱን ፊልም በእጅ የተሳሉ ናቸው። ከዚያ ሳም መጣ፣ በ1997 ደግሞ ሰላዩ ቀበሮ “ስፓይ ፎክስ”። እያንዳንዳቸው ተከታታይ ክፍሎች አሏቸው። ድርጅቱ በ1996 ለጂቲ ኢንተራክቲቭ በ76 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ተዳከመ። የሽያጩ ታሪክ ረጅም ነው፤ እኔን ግን የሚገርመኝ ጌሞቹ ከድርጅቱ ዕድሜ ማለፋቸው ነው።

ያለፉትም በአሠራራቸው ምክንያት ነው። ጊልበርትና ጓደኞቹ ለ“ማኒያክ ማንሽን” ብለው የሠሩት፣ በኋላም ለእነዚህ ጌሞች ያገለገለው “ስካም” የሚባል መሣሪያ ተረቱን ከተራኪው ለየው። ተረቱ ማለት ለብቻው የተጻፈ ትእዛዝ ነው፤ “ልጁ ሳንቃውን ውኃው ላይ ከጣለ፣ ጀልባው ይመን” የሚል ዓይነት። ተራኪው ደግሞ ያንን ትእዛዝ እያነበበ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስና ድምፁን የሚያሰማ ሌላ ፕሮግራም ነው። አያት ብታልፍም ተረቷን የምታውቅ ልጅ ካለች ተረቱ እንደማይሞት ሁሉ፣ የድሮዎቹ ኮምፒዩተሮች ሲያረጁ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ባለሙያዎች በ2001 “ስካም ቪኤም” የተባለ አዲስ ተራኪ ጻፉ። ይህ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። ጌሞቹም ከ2014 ጀምሮ በኢንተርኔት እንደገና እየተሸጡ ነው። ያኔ በአንድ ሲዲ ላይ ይገባ የነበረ ነገር ስለሆነ ዛሬ የትኛውም ያረጀ ላፕቶፕ አያቅተውም። ያን ማታ በእኔ ማሽን ላይ ሲሠራ የነበረው ይኸው ነው።

ስለ ሕጋቸው ልናገር። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ማንም አይሞትም። ሰዓት አይቆጠርም፣ ነጥብ አይቀነስም፣ “ተሸንፈሃል” የሚል ጽሑፍ አይመጣም። ልጁ ቢሳሳት ሳም “ይሄ አይሆንም” ይልና ይቀጥላል። አንዳንድ ወላጅ ይህን ሲሰማ ጌሙ ቀላል ይመስለዋል። አይደለም። በሩን ለመክፈት ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ቁልፉን የያዘው ሌላ ነገር ይፈልጋል፣ ያ ነገር ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ልጁ ሦስት አራት ነገር በልቡ ይዞ መዞር አለበት። ደግሞ የሳም ጭምብል ዛሬ የተገኘበት ቦታ ነገ ላይገኝ ይችላል፤ ጌሙ እንደገና ሲጀመር ዕቃዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ መንገዱም አብሮ ይለወጣል። በስልክ ላይ የሚሮጡትንና የሚፈነዱትን ጌሞች ልጆቻችን ሲጫወቱ አይቻለሁ። ዓይናቸው ይፈጥናል፣ ጣታቸው ይፈጥናል። እዚህ ግን የወንድሜን ልጅ ማውሱን ለቃ፣ አገጯን በእጇ ይዛ ስታስብ አየኋት። ለእኔ ልዩነቱ ያ ነው።

በእኛ አገርም ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። “እንቆቅልሽ” ሲባል “ምን አውቅልሽ” የሚል ልጅ ዝም ብሎ አድማጭ አይደለም። ካልመጣለት “አገር ስጠኝ” ይባላል፤ አገር ይሰጣል፣ መልሱም ይነገረዋል። ያጣው ነገር የለም፣ ጨዋታው ይቀጥላል። አባባ ተስፋዬም ይህን ያውቁ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ሰላምታ ሰጥተው መልስ ይጠብቁ ነበር፣ እኛም ከስክሪኑ ፊት ተሰልፈን ጮኸን እንመልስ ነበር። የቴሌቪዥኑ ሳጥን ግን ጆሮ አልነበረውም። በ2006 ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የጀመሩት “ፀሐይ መማር ትወዳለች” ከቀጭኔዋ አሻንጉሊት ጋር ያንን ወንበር ወረሰ፣ በውጭ አገርም ተሸለመ። እሱም ቢሆን የሚታይ እንጂ የሚነካ አልነበረም። በ2018 ደግሞ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ዶሮ የምትሮጥበትን “ኩኩሉ”ን በስልክ አወጣ። የሀበሻ መንደር፣ የሀበሻ ዶሮ፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። ሆኖም የሩጫ ጌም ነው። ልጅ ቁጭ ብሎ እየነካ፣ እየጠየቀ፣ እያሰበ የሚጨርሰው የአማርኛ ተረት ግን እስካሁን ለወንድሜ ልጅ ላወርድላት አላገኘሁም።

ልጆቻችን ኮምፒዩተር አይችሉም የሚል ካለ ወንጪንና ወለንጪቲን ያስታውስ። በ2012 “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ” የተባለው ድርጅት በእነዚህ አካባቢዎች በሁለት መንደሮች ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ሰጥቶ፣ ያለ አስተማሪ ትቷቸው ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። ወራት ሲያልፉ ደግሞ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። እነዚያ ልጆች የጎደላቸው ችሎታ አልነበረም። የተሰጣቸው ነገር ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

ቋንቋው ላይ የምንገበገበው ስለዚህ ነው። “ፓት ፓት”ና ጓደኞቿ ወደ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሆላንድኛ፣ ሩስኛና ዕብራይስጥ ተተርጉመዋል። ጌሞቹ ለማያነቡ ልጆች ስለተሠሩ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ድምፅ ነው። ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ ያየውን አበሳ ሁሉ እዚህ ማለፍ አያስፈልግም ነበር። የሚያስፈልገው ማይክሮፎን፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ተረት የሚጥምላት አንዲት አያትና ሥዕል የሚያውቅ ወጣት ነው። በአያቶችም በወጣቶችም ድሃ አይደለንም። መካነ ሰላም ውስጥ እንኳ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ፣ ተማሪው ሁሉ ላፕቶፕ አንግቶ ይሄዳል። ለታሪክም ሩቅ መሄድ የለም። ከተማዋ አጠገብ ያለው የደንቆሮ ጫካ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ነው። “ፓት ፓት” በ1995 በወጣው ክፍሏ የጠፉ ስድስት የእንስሳት ግልገሎችን ፈልጋ ትመልሳለች፤ የአንበሳው ግልገል ስም ኬንያ ነው። የጭላዳ ግልገል ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ጠፍቶ የቦረና ልጅ ቢፈልገው ምን ይጎድለዋል?

ያን ማታ ባትሪው ሊያልቅ አሥር በመቶ ሲቀረው ጨለማ ቤት ደረስን። ሳም የመጨረሻውን በር ሲከፍት ጨለማ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ስለሚፈራው የሚያጫውተው አጥቷል። የወንድሜ ልጅ “ጓደኛ የለውም?” ብላ ጠየቀችኝ። “የለውም” አልኳት። ሳምና ጨለማ አብረው መጫወት ጀመሩ፣ ላፕቶፑም ጠፋ። ተሸክሜ አስተኛኋት።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቡና ስትቆላ ልጅቱ ከጎኗ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና “ተረት ተረት” አለች። እናቴም “የላም በረት” አለች። ከዚያ ልጅቱ የሳምን ታሪክ ጀመረች፤ ግን እኔ ያሳየኋት አልነበረም። የሚናገሩት ዛፎች ዋርካ ሆነዋል። ኦቶ ደግሞ ጀልባ መሆኑ ቀርቶ ወንዝ የምትፈራ በቅሎ ሆኗል፤ እንድታምን ከፊቷ አህያ መሻገር አለበት። አህያው ተሻገረ፣ በቅሎዋ ተከተለች። ማዶ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። እዚያ ላይ ልጅቱ ተረቱን አቆመችና እናቴን በጉጉት አየቻት።

“እማማ፣ አሁን በየት ልሂድ?”

እናቴ የቡናውን ምጣድ ከምድጃው አውርዳ ጥቂት አሰበችና፣ በማማሰያው ወደ ቀኝ ጠቆመቻት።