ማሳን በሳተላይት መለካት፤ ከትራክተሩ መሪ በፊት የማሳው ስፋት

መግቢያ

በእርሻ ወራት፣ ትራክተር ተከራይተው በሚያሳርሱ ቀበሌዎች አንድ የተለመደ ክርክር ይሰማል። ማሳው ታርሶ ሲያበቃ ባለማሳው፣ «መሬቴ አራት ጥማድ ነው፤ የአንድ ሄክታር ሒሳብ እከፍላለሁ» ይላል። ባለትራክተሩ ደግሞ፣ «ነዳጁን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አምስት ጥማድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ልዩነቱን ያካፍላቸዋል። ክርክሩ ይበርዳል፤ የማሳው ስፋት ግን እንዳልታወቀ ይቀራል። ያው ገበሬ ማዳበሪያ የሚገዛው፣ ዘር የሚመዝነው፣ በመኸርም ጊዜ «በሄክታር ይህን ያህል አገኘሁ» ብሎ ለማኅበሩ የሚያስመዘግበው በዚሁ ባልታወቀ ስፋት ነው።

ስለ ሳተላይትና ስለ እርሻ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ በሐሳብ የሚመጣው መሪውን ሰው ሳይነካው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ትራክተር ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በእርግጥ አለ፤ ጠቀሜታውንም ከዚህ በታች እንገልጻለን። ይሁን እንጂ ለአነስተኛ ይዞታና ለኅብረት ሥራ ማኅበር የሳተላይት የመጀመሪያ ጥቅም ትራክተር መምራት ሳይሆን የማሳን እውነተኛ ስፋት ማሳወቅ ነው ብለን እናምናለን። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ በብዙ የልማት ሠራተኞች ኪስ ውስጥ ይገኛል።

1. ጥማድና ሄክታር

እንደሚታወቀው ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በመሆኑም የሥራ ልክ እንጂ የስፋት ልክ አይደለም። መረሬ አፈር ላይ የተጠመደ በሬና ቀላል አፈር ላይ የተጠመደ በሬ በአንድ ቀን እኩል አያርሱም። በብዙ አካባቢ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር፣ ማለትም 10,000 ካሬ ሜትር ነው ተብሎ ቢሠራበትም ይህ ስምምነት ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ የገበሬዎች ግምት ከልኬት ጋር በተነጻጸረበት ጥናት፣ ባለይዞታዎች ትንንሽ ማሳን ከልኩ አስፍተው፣ ትልልቅ ማሳን ደግሞ ከልኩ አሳንሰው የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው ታይቷል። ይህም ከተንኮል የመነጨ ሳይሆን የዓይን ግምት ጠባይ ነው።

2. ስፋቱ ሲሳሳት የሚከተለው ጉዳት

ማናቸውም የምርምር ምክር «በሄክታር» ተብሎ ይሰጣል። ሄክታሩ ከተሳሳተ ምክሩ በሙሉ ይሳሳታል። የሚከተሉት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ።

ሀ. ማዳበሪያ፦ አንድ ገበሬ 1 ሄክታር ነው ብሎ የሚያምነው ማሳ ቢለካ 0.8 ሄክታር ሆነ እንበል። ለ1 ሄክታር ብሎ የገዛውን 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ሲበትን በሄክታር 125 ኪሎ ግራም ጨመረ ማለት ነው። ሃያው ኪሎ ግራም ያለ ጥቅም የወጣ ገንዘብ ነው፤ ሰብሉንም ለመጋሸብ ሊያጋልጠው ይችላል።

ለ. ኖራ፦ ለአሲዳማ አፈር የሚመከረው ኖራ በሄክታር ብዙ ኩንታል ነው። ምክሩ በሄክታር 20 ኩንታል ቢሆን፣ የ0.2 ሄክታር ስሕተት 4 ኩንታል ትርፍ ኖራ ያስጭናል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 8 የአህያ ጭነት በከንቱ ተጓጓዘ ማለት ነው።

ሐ. ጸረ አረምና ጸረ ተባይ፦ መጠኑ ሲበዛ ሰብሉንና ረጪውን ይጎዳል፤ ሲያንስ ደግሞ አረሙ ወይም ተባዩ ሳይሞት ይቀርና መድኃኒቱን ወደ መልመድ ይደርሳል።

መ. የዘር ምርጫ፦ ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የማይታየው ይኸኛው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ገበሬ 24 ኩንታል ስንዴ ቢያገኝ፣ «በሄክታር 24» ተብሎ ይመዘገብለታል። ሌላ ዝርያ የዘራው ጎረቤቱ ከእውነተኛ 1 ሄክታር 27 ኩንታል ቢያገኝ ማኅበሩ የጎረቤቱን ዝርያ የተሻለ ነው ብሎ ለከርሞ ያዛል። እውነቱ ግን የመጀመሪያው በሄክታር 30 ኩንታል መስጠቱ ነው። ስለዚህ አንድ ያልተለካ ማሳ ጥሩውን ዘር ከቀበሌው ሊያስወጣ ይችላል።

3. ሳተላይቱ እንዴት ይለካል? ምን ያህልስ ይታመናል?

የአሜሪካው ጂፒኤስ፣ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሌዮና የቻይናው ቤይዱ ምድርን የሚዞሩ የሳተላይት ቡድኖች ናቸው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ የሰዓት ምልክት ይልካሉ። በእጅ ያለው መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በማስላት ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያውቃል። ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ሲታዩትም የቆመበትን ቦታ ያገኛል። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል አገልግሎት የሚለቀቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር ላይ ማዛባቱ ስለቀረ ርካሹ መሣሪያ ሁሉ ለሥራ የሚበቃ ሆነ።

ዛሬ አንድ ዘመናዊ የእጅ ስልክ ገላጣ ቦታ ላይ በ5 ሜትር ያህል ውስጥ ቦታውን ያሳያል። ይህ ስሕተት በትልቅ ማሳ ላይ ኢምንት ሲሆን በትንሽ ማሳ ላይ ግን ከባድ ነው። ነገሩን ለማስረዳት፣ መሣሪያው እያንዳንዱን ወሰን በ3 ሜትር ወደ ውጭ ገፍቶ ቢያሳይ የሚከተለው ይሆናል፦

ሀ. 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር፦ ስሕተቱ 25 በመቶ ያህል፤
ለ. 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ 1 ሄክታር፦ ስሕተቱ 12 በመቶ ያህል፤
ሐ. 500 ሜትር በ400 ሜትር የሆነ 20 ሄክታር ኩታ ገጠም፦ ስሕተቱ ከ3 በመቶ በታች።

ይህ ስሌት መጥፎውን ሁኔታ የሚያሳይ ነው። በተግባር አንዱ ወሰን ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚዛባ ስሕተቱ በከፊል ይጣፋል። ሆኖም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ኩታ ገጠሙ በስልክ፣ ከሩብ ሄክታር ያነሰው ማሳ ግን በሜትር ገመድ ይለካ።

4. የአለካክ ቅደም ተከተል

ሀ. ባለማሳውና ወሰንተኞቹ ባሉበት ይለካ። ባለማሳው በሌለበት የተለካ ማሳ ነገ ክርክር ያመጣል።
ለ. የመለኪያው መተግበሪያ በሄክታር ወይም በካሬ ሜትር እንዲያሳይ ተደርጎ ይስተካከል። በኤከር የሚያሳይ ብዙ ነው፤ 1 ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ብቻ መሆኑ አይዘንጋ።
ሐ. ከባሕር ዛፍ ጥላ፣ ከገደልና ከቆርቆሮ ቤት ርቆ፣ መሣሪያው የስሕተቱን መጠን 5 ሜትር ወይም ከዚያ በታች እስኪያሳይ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ።
መ. በድንጋይ ምልክት ከተደረገበት ማዕዘን ተነሥቶ ወሰን ለወሰን በዝግታ ይኬድ። በየማዕዘኑ ቆም ይባል። አቋራጭ አይወሰድ።
ሠ. በማሳው መካከል ያለ ቦረቦር፣ ድንጋያማ ቦታ ወይም ሰፊ ቦይ ለብቻው ተለክቶ ይቀነስ።
ረ. መነሻው ድንጋይ ላይ ሲደረስ ልኬቱ ይዘጋ። ከዚያም በተቃራኒው አቅጣጫ ሁለተኛ ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ከ5 በመቶ ካልበለጠ አማካዩ ይወሰድ፤ ከበለጠ ሦስተኛ ይለካ።
ሰ. ውጤቱ፣ ቀኑና የለካው ሰው ስም በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ባለማሳውም ቅጂ ይያዝ።

ካርታ ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለተሰጠው ገበሬ በደብተሩ ላይ የሰፈረው ስፋት ከልኬቱ ጋር ይነጻጸር። ተዳፋት ላይ ደግሞ በምድሩ ላይ የተጣለ ገመድ ከሳተላይቱ የበለጠ ስፋት ይሰጣል፤ ሳተላይቱ የሚለካው እንደ ካርታ አግድም ነውና። በ100 ሜትር አግድም ርቀት 30 ሜትር ከፍ በሚል ተዳፋት ላይ የገመዱ ርዝመት ከ4 በመቶ በላይ ይበልጣል። በመሆኑም በተዳፋት ላይ ገመዱ ተወጥሮ አግድም ይያዝ።

5. ከትራክተር ኪራይ በፊት

ስፋቱ ከእርሻ በፊት ታውቆ በውሉ ላይ ይስፈር። አንዳንድ ትራክተሮች የሄዱበትን መንገድ የሚመዘግብ መሣሪያ አላቸው። ይህ ለባለንብረቱ ቁጥጥር ጥሩ ነው። ነገር ግን መንገዱን በማረሻው ስፋት አባዝቶ የሚያሰላው ዓይነት፣ ትራክተሩ የደገመውን ትልምና በዳር የተዟዟረበትን ሁሉ እንደ አዲስ መሬት ሊቆጥር ይችላል። ስለሆነም የሚከፈለው በማሳው ስፋት እንጂ በትራክተሩ መንገድ አይሁን። ለባለትራክተሩም ቢሆን ይህ ይጠቅመዋል፤ በየማሳው ዳር ቆሞ ሲከራከር የሚያጠፋውን ሰዓት ያርስበታል።

6. የትራክተር መሪና የሳተላይት ምስል

ስልክ በ5 ሜትር የሚሳሳት ስለሆነ 20 ሳንቲ ሜትር የሚራራቅን የስንዴ መስመር ሊመራ ከቶ አይችልም። ለዚህ ሥራ መሬት ላይ ከሚተከል ማስተካከያ ጣቢያ እርማት የሚቀበል፣ እስከ 2 እና 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል። በእርሻ ጊዜ ነጂው የቀድሞውን ትልም ስለሚያይ ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም። ምልክት በማይተው ሥራ፣ ይኸውም በርጭትና በማዳበሪያ ብተና ላይ ግን ይጠቅማል። 12 ሜትር የሚረጭ ማሽን በየምልልሱ 60 ሳንቲ ሜትር ቢደግም፣ በ100 ሄክታር ላይ የ5 ሄክታር ያህል መድኃኒት ያባክናል። ሰፊ ኩታ ገጠም ያለው የማኅበራት ዩኒየን ይህን ሒሳብ ሠርቶ ይወስን። አነስተኛው ማኅበር ግን ካስማ ተክሎ፣ ርቀቱን በሜትር ለክቶ ቢያስረጭ አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል።

የሰብል ሁኔታን የሚያሳይ የሳተላይት ምስልም በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ ሰማይ የተላኩት የአውሮፓ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያህል ያነሣሉ። የምስሉ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር 25 ነጥብ ብቻ ሲሆን ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጎረቤት ማሳ ጋር የተደባለቁ ናቸው። ስለዚህ ምስሉም የሚጠቅመው ለኩታ ገጠም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ስለሚጋርደው በእነዚህ ወራት ብዙ አይታመኑበት። ከሁሉም በላይ ምስሉ ሰብሉ የደከመበትን ቦታ ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ቢጫ የሆነው ቦታ ውኃ ተኝቶበት፣ ናይትሮጅን አጥሮት ወይም ዋግ ገብቶበት መሆኑን የሚያውቀው በእግሩ ሄዶ ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የስንዴ ማሳን ያጠፋበትን ዓመት የሚያስታውስ ሁሉ ሳምንታዊ የማሳ ጉብኝት በምስል እንደማይተካ ያውቃል።

7. ማሳሰቢያ

መሬት መለካት ቀላል ነገር አይደለም። ማሳው ዳር መሣሪያ ይዞ የሚዞር ሰው ሲታይ ብዙ ገበሬ፣ «ግብር ሊጨመርብኝ ነው ወይስ መሬቴ ሊቀነስ?» ብሎ ይሰጋል። ሥጋቱ መሠረት የለውም ተብሎ መታለፍ የለበትም። የልማት ሠራተኛው ከመለካቱ አስቀድሞ ልኬቱ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለኪራይ ሒሳብ ብቻ እንደሆነ በስብሰባ ላይ ያስረዳ፤ ቃሉንም ይጠብቅ። መዝገቡ ከማኅበሩ እንዳይወጣ፣ ለሌላ ጉዳይ ሲፈለግም ባለማሳው እንዲፈቅድ ይደረግ። እንዲሁም የስልክ ልኬት የወሰን ክርክር መፍቻ ወይም የይዞታ ማስረጃ አይደለም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ባለጉዳዮቹ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይላኩ።

እያንዳንዱ ማኅበር በበጋው የሥራ ዕረፍት ወራት የአባላቱን ማሳ ለክቶ መዝገቡን ከእርሻ በፊት እንዲያዘጋጅ እንመክራለን። ለመጀመሪያ ዓመት አንድ ኩታ ገጠም ይበቃል። በዚያ ኩታ ገጠም የተገዛው ማዳበሪያና የተገኘው ምርት በተለካው ስፋት ይሰላ፤ ቀድሞ በግምት ከተያዘው ጋርም ለአባላቱ በጉባኤ ይነበብ። ገበሬው ልዩነቱን በራሱ ኩንታልና በራሱ ብር ካየው ለሚቀጥለው ዓመት ለመለካት ራሱ ይጠይቃል።