ዶንግሉ «መሣሪያ አልተገኘም» ሲል ከፎርማት በፊት የሚሞከር መፍትሔ



የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ የኢንተርኔት ዶንግሉ «መሣሪያ አልተገኘም» ብሎ እምቢ ቢል ብዙዎቻችን የሚቀናን ላፕቶፑን ፎርማት ማስደረግ ነው። ፎርማት ግን ወራት የተደከመበትን ፋይል ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልግም።

ችግሩ ከየት ይመጣል? ድራይቨር ማለት ዊንዶውስንና ዕቃውን የሚያግባባ አስተርጓሚ ነው። ብዙ ዶንግሎች ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያሳያሉ፤ ከውስጣቸው ያለው ፕሮግራም ሲጫን ወደ ሞደምነት ይለወጣሉ። በዊንዶውስ 7 ላይ የሁለት ዶንግሎች ፕሮግራም ከተጫነ ግን ሁለቱ በአንድ ፖርት ሊሻሙ ይችላሉ። «ስህተት 633» የሚለው መልእክትም ሞደሙ በሌላ ተይዟል ወይም በትክክል አልተስተካከለም ማለት ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

1. መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ።

2. ዶንግሉን ንቀሉ። ከኮንትሮል ፓነል ሁለቱንም ፕሮግራሞች አጥፉና ሪስታርት አድርጉ።

3. ዶንግሉን ሰክታችሁ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ሞደም አንኢንስቶል ስታደርጉ ድራይቨሩም አብሮ እንዲጠፋ የሚጠይቀውን ሳጥን ምረጡ።

4. ነቅላችሁ እንደገና ሪስታርት አድርጉ። ከዚያ የምትጠቀሙበትን አንዱን ዶንግል ብቻ ሰክታችሁ ፕሮግራሙን ጫኑ።

ቢጫው ምልክት አሁንም ካለ በላዩ ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርጋችሁ ኮዱን አንብቡ። ኮድ 28 ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ የ32 ቢት ድራይቨር ስለማይቀበል የእናንተ የትኛው እንደሆነ አጣሩ። ኮድ 52 ደግሞ ዊንዶውስ የድራይቨሩን ዲጂታል ፊርማ ማረጋገጥ አልቻለም ማለት ነው። አዳዲስ ድራይቨሮች የሚፈረሙበትን ሻ-2 የተባለ ዘዴ ያልታደሰ ዊንዶውስ 7 አያውቀውም፤ ማይክሮሶፍት ለዚሁ ያወጣውን ማሻሻያ መጫን ያስፈልጋል። የፊርማ ማጣሪያውን አጥፍቶ መቀጠል ወይም ድራይቨር ካልታወቀ ድረ ገጽ ማውረድ ለቫይረስ በር መክፈት ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል። ስለዚህ ይህ መፍትሔ ለጊዜው የሚያሻግር ነው። ጽሑፋችሁን ካስረከባችሁ በኋላ፣ ላፕቶፑ የሚችል ከሆነ፣ ተረጋግታችሁ ወደ አዲስ ዊንዶውስ ወይም ወደ ሊኑክስ ቀይሩት።

የሠራለት በዶርሙ ላልሠራለት ያሳይ።