አንድ ዲናሞ፣ ሁለት ባትሪ

ከጎንደር ወደ ሳንጃና ወደ ሁመራ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በትክል ድንጋይ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው በዝማሬና በእልልታ ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ከወረዱ በኋላ፣ የካህናቱን ማኅሌት በሜዳው ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲያሰማ ያደረው ሞንታርቦ ኃይሉን ያገኝ የነበረው ዳር ላይ ከቆመ ከአንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ባትሪ ነበር። ሲነጋ፣ ውሃው ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ፣ ሾፌሩ ዕቃውን ጭኖ ታቦታቱን ሊከተል ቁልፉን ቢያዞረው ከሞተሪኖው በኩል አንዲት ደረቅ «ጠቅ» ተሰማችና ዝም አለ፤ ደግሞ ቢያዞረው ያቺው «ጠቅ» ብቻ ሆነች። ያን ጊዜ ነጭ የለበሱ ጎልማሶች ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀው፣ እኔም ዕድሜዬን ረስቼ በመካከላቸው ገብቼ፣ መኪናውን ወደ ቁልቁለቱ ገፋነውና በሁለተኛ ማርሽ ተንገጫግጮ ተነሣ፤ ከጭስ ማውጫው የወጣው ጥቀርሻ በማን ነጠላ ላይ እንዳረፈ ግን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ከበዓሉ በኋላ ጎንደር ስሄድ ነገሩን በመኪና ኤሌትሪክ ሥራ ለሸበቱ አንድ ኤሌትሪሲስታ አጫወትኋቸው። «ባትሪው ያረጀ ይመስለኛል፣ ጋሼ» ብላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ባትሪውስ ምን አጠፋ፣ ወንድሜ? ለቅጽበት ሥራ የተሠራውን ሌሊቱን ሙሉ አቆማችሁት» አሉኝና በካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ ይጽፉልኝ ጀመር። አይሱዙው እንደ ብዙዎቹ የጭነት መኪናዎች በ24 ቮልት የሚሠራ ነው፤ ይኸውም ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረውበት ነው፤ እያንዳንዳቸው 100 አምፒር ሰዓት ቢይዙ፣ ተከታትለው ሲታሰሩ ቮልቱ ይደመራል እንጂ አምፒር ሰዓቱ ያው 100 ሆኖ ይቀራል። ሞንታርቦው በአማካይ 150 ዋት ቢበላ፣ የባትሪውን ኤሌትሪክ ወደ ቤት ኤሌትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር ለራሱ የሚያስቀረው ታክሎበት ከባትሪው 7 አምፒር ያህል ይስባል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ 12 ሰዓት ነው፤ 7 ጊዜ 12፣ 84። ከ100 ውስጥ 84ቱ የተወሰደበት ባትሪ በጥር ብርድ የናፍጣ ሞተር ያስነሣል ብሎ ተስፋ ማድረግ፣ እኒያ ሰው እንዳሉኝ፣ ሌሊቱን ሲያሸበሽብ ያደረን ዲያቆን በማለዳ እህል ተሸከም እንደ ማለት ነው።

ባትሪ ሁሉ በመልኩ ተመሳሳይ ስለሆነ ጠባዩም አንድ ይመስለናል። ሞተር የሚያስነሣው ባትሪ በውስጡ ብዙና ስስ የእርሳስ ሰሌዳዎች አሉት፤ ሞተሪኖው በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ለጥቂት ሰከንድ ሲጠይቀው ያን በአንድ ትንፋሽ ይሰጥና፣ የሰጠውም ከሙላቱ ኢምንት ስለሆነ ዲናሞው ወዲያው ይመልስለታል። ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣ፣ ለድምፅ ማጉያ የሚሆነው ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ጥቂትና ወፍራም ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መስጠት አይሆንለትም፣ ነገር ግን ጥቂት በጥቂት እየሰጠ ቢያድርና እስከ ግማሹ ቢወርድ አይጎዳም። የመጀመሪያው ደጋግሞ ባዶ ከሆነ፣ ባዶውንም ጥቂት ቀን ከከረመ፣ በሰሌዳዎቹ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገርበትና ከዚያ ወዲያ ቢሞሉትም አይሞላም።

ጎንደር ከተማ የኖረ ሰው፣ በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የሱዳን ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ እስኪታወክ ድረስ፣ ከካይሮ ተነሥተው በመተማ በኩል እየገቡ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቁትን የውጭ አገር ተጓዦች ያስታውሳል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ መኪናቸው እንደ ኤሊ ቤቱን በጀርባው የተሸከመ ነበር። በፒክአፑ ወይም በጭነት መኪናው ጀርባ በተጫነችው ጎጆ ውስጥ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ፓምፕና ትንሽ ማቀዝቀዣ ሲኖር፣ ይህን ሁሉ የሚመግበው ከሞተሩ ባትሪ የተለየ የጎጆው የራሱ ባትሪ ነው። ይህ ለእኛ የቅንጦት ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የሁመራንና የአብደራፊን ሰሊጥ በመከር ወራት ሲያመላልስ በጋቢናው ውስጥ የሚያድረው፣ ስልኩን የሚሞላው፣ ራዲዮኑን የሚሰማውና ውሃውን የሚያቀዘቅዘው የአገራችን ሾፌር፣ ስሙ ባይሰጠውም፣ ቤቱን በመኪናው ላይ ካደረገ ቆይቷል፤ የሚያስፈልገውም ሥርዓት ያው አንድ ነው።

እንግዲህ ሁለቱንም ባትሪዎች የሚመግበው፣ ከሞተሩ ጋር በቺንጋ ታስሮ የሚሽከረከረው ዲናሞ ነው። በእውነቱ ዛሬ በመኪናችን ላይ ያለው ዕቃ ዲናሞ አይደለም፤ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ቦታውን የያዘው አልተርኔተር የሚባለው ነው፤ ባለሙያዎቻችን ግን ሞተሪኖን፣ ሞርሴቶንና ጎሚስታን ከጣሊያን እንደ ተቀበሉ እንዳቆዩት ሁሉ ዲናሞንም በአሮጌ ስሙ አቆይተውታል፤ እኔም ከእነሱ ልለይ አልሻም። አዲሱ ዲናሞ የሚያመነጨው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌትሪክ ሲሆን፣ ዳዮድ የሚባሉ ትንንሽ በሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አሳልፈው ለባትሪ የሚስማማ ያደርጉታል፤ ሬጉሌተሩም ቮልቱ በ12 ቮልት መኪና ከ14 ከፍ ብሎ፣ በ24 ቮልት መኪና ከ28 ከፍ ብሎ እንዲጸና ይጠብቀዋል። የሚመገበው የእርሳስ ባትሪ ግን ከዚህ ከአዲሱ ዲናሞ እጅግ ይቀድማል፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህም አፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ በደፉ በአራተኛው ዓመት መሆኑ ነው።

ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው ሁለቱን ባትሪዎች በሽቦ ማያያዝ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱም ይሞላሉና መልካም ይመስላል። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱ አንድ ባትሪ ሆነው ይቀራሉ፤ ማቀዝቀዣው ከአንደኛው እየሳበ ሌላውንም ያራቁታል፤ ሲነጋ ሁለቱም ባዶ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ካሉት ዐሥሩ ደናግል መካከል አምስቱ ልባሞች ዘይታቸውን ለማካፈል እንቢ ማለታቸው በልጅነቴ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ የጥምቀት ጠዋት መኪና ስገፋ ግን ልባሞቹ ደናግል ልክ እንደ ነበሩ ገባኝ። ስለዚህ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ሪሌ ይገባል፤ ዲናሞው መመገብ ሲጀምርና በ12 ቮልት መኪና ቮልቱ ከ13 ከፍ ሲል በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቱ ሲወርድ ይዘጋል። በጎንደር ቤተ መንግሥት ማን በየትኛው ሰዓት ወደ ንጉሡ እንደሚገባ የሚወስን ዐቃቤ ሰዓት የሚባል መነኩሴ ነበር፤ ሪሌ ማለት የባትሪ ዐቃቤ ሰዓት ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም መሰለኝ።

ሪሌ የገዛ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ብዙው ሰው የሚስተው ግን ሽቦው ላይ ነው። ከሞተሩ እስከ ኋላው ጎጆ 6 ሜትር ቢሆን፣ ኤሌትሪኩ ሄዶ መመለስ አለበትና መንገዱ 12 ሜትር ነው፤ ሰውዬው ገበያ ወርዶ ለቤት ምድጃ የሚሸጠውን ባለ 6 ካሬ ሽቦ ቢዘረጋበትና 30 አምፒር ቢያልፍበት፣ ከመንገዱ ላይ 1 ቮልት ያህል በሙቀት መልክ ይጠፋል። ዲናሞው 14 ነጥብ 2 ቮልት ሲሰጥ ጎጆው ዘንድ የሚደርሰው 13 ነጥብ 2 ይሆናል፤ ባትሪውም እየሞላ ሲሄድ አንገቱን ስለሚያቀና፣ በ13 ነጥብ 2 ቮልት የሚጎርሰው እየቀነሰ ይሄዳል። በዚያው መንገድ ባለ 35 ካሬ ሽቦ ቢዘረጋ ግን የሚጠፋው ከ0 ነጥብ 2 ቮልት አይበልጥም። እኒያ ኤሌትሪሲስታ መለኪያ ሳያነሡ በፊት መዳፋቸውን በሽቦው ላይ ያሳርፋሉ፤ ሽቦው ሞቆ ከተገኘ፣ «ገንዘብህን መንገድ ላይ እያነደድከው ነው» ይሉና ወደ ሌላ ሥራቸው ይዞራሉ። በሽቦው ሁለት ጫፍ፣ ከእያንዳንዱ ባትሪ አጠገብ፣ ፊውዝ ማኖር ደግሞ ግዴታ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ባትሪ አለና፣ ሽቦው መካከል ላይ ተልጦ ሻንሲ ቢነካ እሳቱ ከሁለቱም ወገን ይመጣል።

ሌላው የሚዘነጋው ጊዜ ነው። የእርሳስ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ድረስ በፍጥነት ይቀበላል፤ የቀረውን 20 ግን፣ ዲናሞው የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ በብዙ ሰዓት እየተግደረደረ ነው የሚቀበለው። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን በባዶው በማሠራት ይሞላል ማለትም ከንቱ ነው፤ ዲናሞ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ከሙሉ ኃይሉ ብዙ ያነሰ ነውና፣ ናፍጣው ብቻ ያልቃል።

አንድ በአይሱዙ ሾፌሮች ዘንድ የተለመደ ጥፋትም አለ፤ 12 ቮልት የሚፈልግ ራዲዮን ወይም ማቀዝቀዣ ሲገኝ፣ ከሁለቱ ተከታታይ ባትሪዎች በአንዱ ላይ ብቻ መሰካት። ከሁለት ላሞች አንዷን ብቻ እያለቡ ገለባውን እኩል እንደ ማካፈል ነው፤ ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚያይ፣ የታለበው ባትሪ ሳይሞላ ይቀራል፣ ያልታለበው ደግሞ ከልኩ በላይ ተሞልቶ አሲዱ ይፈላል፤ በዓመቱም ሁለቱም ይጣላሉ። 24 ቮልትን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ዋጋው ከአንድ ባትሪ ያንሳል።

ሊቲየም የሚባለው አዲሱ ባትሪ ጠባዩ ሌላ ነው። የሰጡትን ሁሉ ያለ ማመንታት ስለሚጎርስ፣ በሪሌ ብቻ ቢያያዝ ዲናሞው ነፋስ በማያገኝበት ቦታ እስኪቃጠል ድረስ ሊሠራ ይችላል፤ ለእርሱ መጠኑን ቆጥሮ የሚሰጥ ቻርጀር በመካከል ሊገባ ግድ ነው።

ከደጋ ወደ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ደግሞ ሙቀትን ያስብ። በትክል ድንጋይ ብርድ ባትሪው ሰነፍ ቢሆንበት፣ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር በማይሞላው በሁመራ፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያው ባትሪ ያለ ልክ ይተጋና ውሃውን ይጨርሳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ያህል እንደሚያጥር የሙያው ሰዎች ይናገራሉ። ክዳኑን ከፍቶ የተጣራ ውሃ መጨመር የረዳቱ ሥራ ነው። በሚተኙበት ጋቢና ውስጥ ግን የአሲድ ባትሪ ማስቀመጥ አይገባም፤ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ በአንዲት ክብሪት ይፈነዳል።

በቀጣዩ ዓመት ከተራ ያው ሾፌር ከኋላ፣ ከጭነቱ አልጋ በታች በብረት ሳጥን ውስጥ፣ ሁለት ወፍራም ሰሌዳ ያላቸው ባትሪዎች በሪሌና በባለ 35 ካሬ ሽቦ አሳስሮ መጣ። አዲሶቹ ባትሪዎች ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ እንዲሞሉ ቢነገረውም፣ እርሱ ግን የመጣው ከጎንደር በቀጥታ በዚያው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ሦስት ጊዜ ጮኸና ሞንታርቦው ዝም አለ። ሊቃውንቱ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ ከበሮውና ጸናጽሉ በነበሩበት ቀጠሉ፤ ከዳር የነበርነው ግን ወደ መካከል ተጠጋን። ጠዋት ሾፌሩ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረው፤ ሞተሩም ተነሣ።