ማስረጃው እስኪሟላ የተበላው ዓሣ

በደቡብ ጃፓን፣ በሚናማታ የባሕር ሰላጤ ዳር፣ መጀመሪያ የታመሙት ድመቶች ነበሩ። እየተንቀጠቀጡ ይሽከረከራሉ፣ እየተንገዳገዱም ባሕር ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚያ ከሰላጤው ዓሣና ዛጎል ለበስ እንስሳት የሚመገቡ የአጥማጅ ቤተሰቦች እጅ ደነዘዘ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ፣ እይታቸው ጠበበ። በሽታው በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1956 ነው። ዓመቱ ሳያልቅም የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ነገሩ ተላላፊ በሽታ ሳይሆን ከሰላጤው ዓሣ የመጣ የከባድ ብረት መመረዝ ሳይሆን እንደማይቀር አሳወቁ። ስለዚህ ጥያቄው ማን ምን አወቀ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ከታወቀ በኋላ ለምን ዝም ተባለ የሚለው ይበልጣል።

በ1957 ሚናማታ የምትገኝበት የኩማሞቶ ክፍለ ሀገር አስተዳደር የሰላጤውን ዓሣ በምግብ ንጽህና ሕግ ማገድ ይቻል እንደሆነ የጤና ሚኒስቴርን ጠየቀ። ሚኒስቴሩ፣ በሰላጤው ያለው ዓሣ በሙሉ መመረዙን የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ ስለሌለ ሕጉን መጠቀም አይቻልም ብሎ መለሰ። እንዲህ ያለ ማስረጃ በየትኛውም ባሕር ሊገኝ አይችልም፤ መልሱ በተግባር ዓሣው ይበላ የሚል ፈቃድ ነበር። በ1958 የሚናማታው የኬሚካል አምራች ቺሶ ኩባንያ፣ ወደ ሰላጤው ይለቀው የነበረውን የፋብሪካውን ፍሳሽ ወደ ሚናማታ ወንዝ አፍ ስላዞረው መርዙ ወደ ሰፊው የሺራኑይ ባሕር ተዛመተ። በ1959 የፋብሪካው ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ሃጂሜ ሆሶካዋ ከፍሳሹ ጋር የተቀላቀለ ምግብ የሰጧት፣ ቁጥር 400 የተባለች ድመት በዚያው በሽታ ወደቀች፤ ኩባንያው ግን ውጤቱን ደበቀው። ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው።

ሳይንሱ ገና አልበሰለም ነበር የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ መርዙ የሜርኩሪ ውህድ መሆኑ የተገለጸው በ1959 ነው። ነገር ግን ሰውን ከገበታው ለማስነሳት የመርዙን ስም ማወቅ አያስፈልግም፤ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይበቃል። የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2004 መንግሥትና አስተዳደሩ ከ1959 ማብቂያ በኋላ እርምጃ ባለመውሰዳቸው ተጠያቂ ናቸው ብሏል። የመዘግየቱን ዋጋ ከሁሉ በላይ የከፈሉት ገና ያልተወለዱት ናቸው። የእንግዴ ልጅ ፅንስን ከመርዝ ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ እምነቱ ግን ስህተት ሆነ። ጃፓናውያን የልጅ እትብት በትንሽ ሳጥን የማስቀመጥ ልማድ ስላላቸው፣ በሽታውን ያጠኑት እነ ዶክተር ማሳዙሚ ሃራዳ ያንን ደረቅ እትብት ሲያስመረምሩ ሜቲልሜርኩሪ የተባለው የሜርኩሪ ውህድ ተገኘበት።

ዛሬ ሰዎች የሚለቁትና ወደ ባሕር የሚገባው ሜርኩሪ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰል ጭስና ከባህላዊ ወርቅ ማውጣት ይመጣል። ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲልሜርኩሪ ይለውጡታል፤ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ሲበላው ክምችቱ ይጨምራል። ከሥጋው ጋር ስለሚጣበቅ ማጠብም መጥበስም አያስወግደውም።

ቀድሞ በማስጠንቀቅ ላይ የሚነሳው ከበድ ያለ ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፤ ማስጠንቀቂያ ሰዎችን ጠቃሚ ከሆነው ዓሣ ያርቃል ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ በሲሸልስ ብዙ ዓሣ የሚበሉ እናቶች ልጆች ላይ የተደረገው ረጅም ጥናት ግልጽ ጉዳት አላገኘም። በፋሮ ደሴቶች ግን፣ ሜርኩሪው በአብዛኛው ከዓሣ ነባሪ ሥጋ በሚመጣበት፣ የልጆች ትኩረትና ትውስታ ተጎድቶ ታይቷል። ከሁለቱ የሚወጣው ምክር ዓሣ ተዉ ሳይሆን ዓሣ ምረጡ ነው። በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ልኬት፣ ስዎርድፊሽ የሚባለው ሰይፍ አፍ ዓሣ ከሰርዲን ከ70 እጥፍ በላይ ሜርኩሪ አለው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሻርክና ስዎርድፊሽ ትተው፤ ሰርዲን ግን አትፍራ። በአገራችን ሱቆች የሚሸጠው የታሸገ ቱናም ከቱና ዝርያዎች አልባኮር ይሁን ስኪፕጃክ በቆርቆሮው ላይ በአማርኛ ይጻፍ፤ በአልባኮር ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ከስኪፕጃክ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋልና።