አሮጌ ዊንዶውስ፣ አዲስ ፕሮሰሰር

አዲስ ፕሮሰሰር አሮጌ ኦፕሬቲንግ ሲስተምን በራሱ አልቀበልም የሚልበት ጊዜ እምብዛም የለም። ኢንቴል በ1978 ያወጣው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 8086 የተባለው ፕሮሰሰር የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮችም ያውቋቸዋል። እንዲያውም ኮምፒውተሩ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ሥራ የሚጀምረው ልክ እንደዚያ ጥንታዊ ዘመዱ በ16 ቢት ነው፤ ወደ 32ና ወደ 64 ቢት የሚሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1985 ከኢንቴል 386 ጋር የመጣው 32 ቢት፣ በ2003 ደግሞ ኤኤምዲ የጨመረው 64 ቢት በነበረው ላይ ተደረቡ እንጂ የቀደመውን አላስወገዱም። ኢንቴል በ2023 ይህን ቅሪት ጠርጎ የሚያስወጣ ንድፍ አቅርቦ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን ሐሳቡን ተወው።

እንግዲያውስ በጥቅምት 2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ከዓመታት በኋላ በተሠራ ኮምፒውተር ላይ ለምን አልጫን ይላል? ችግሩ ያለው ፕሮሰሰሩን በከበቡት ነገሮች ላይ ነው። አንድ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚያውቀው እሱ በተጻፈበት ጊዜ የነበሩትን ዕቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለመጣ ዕቃ፣ አነጋገሩን የሚያስተምረው ድራይቨር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ድራይቨሩን የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ የዕቃው አምራች ነው፤ አምራቹ ደግሞ ገዢው ላነሰ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መድከም አይፈልግም።

ነገሩ በግልጽ የታየው ኢንቴል በነሐሴ 2015 ስካይሌክ የተባለውን ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሩን ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት የኢንቴል ማዘርቦርዶች ሁለት ዓይነት የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ነበራቸው፤ አንዱ ለዩኤስቢ 2፣ ሌላው ለዩኤስቢ 3። ከስካይሌክ ጀምሮ አሮጌው ቀርቶ ኤክስኤችሲአይ የተባለው አዲሱ ብቻውን ቀረ። የዊንዶውስ 7 መጫኛ ደግሞ የሚያውቀው አሮጌውን ብቻ ነው። ፍላሹ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ሁሉም ነገር የተቃና ይመስላል፤ በዚያ ደረጃ ፍላሹን የሚያነበው የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም ስለሆነ ነው። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሲደረስ ግን ዊንዶውስ ሥራውን ይረከብና ኪቦርዱም ማውሱም ቀጥ ይላሉ። ቀጥሎ መጫኛው ድራይቨር አምጡ ይላል። ድራይቨሩ ያለው ፍላሹ ላይ ነው፣ ፍላሹ የተሰካው ዩኤስቢ ላይ ነው፣ ዩኤስቢው ደግሞ ያለ ድራይቨሩ አይሠራም፤ ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩ የተዘጋበት ሰው ዕጣ ማለት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ፒኤስ/2 የተባለችው ክብ የኪቦርድ መሰኪያ ሳትጠፋ መቆየቷ ያኔ ብዙ ሰው አዳነ። አንዳንድ የማዘርቦርድ አምራቾችም ድራይቨሩን አስቀድሞ መጫኛው ፋይል ውስጥ የሚከት ፕሮግራም በነጻ አሰራጩ።

ይህ ቢታለፍ ሌላ ይከተላል። ኤንቪኤምኢ የሚባሉትን ፈጣን ዲስኮች ዊንዶውስ 7 ሲወለድ ስለማያውቃቸው የት ልጫን ብሎ የሚያሳየው ዝርዝር ባዶ ይሆናል፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አውጥቷል፣ ግን እሱም ቀድሞ መጫኛው ውስጥ መግባት አለበት። የባሰው የስክሪኑ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 7 በሚነሳበት ሰዓት ሥዕል ለማውጣት የሚተማመነው ባዮስ በተባለው የድሮ የማዘርቦርድ ፕሮግራም አገልግሎት ሲሆን፣ ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ይህን አገልግሎት ለተወሰኑ ዓመታት እንደ ማሟያ ይዞት ቆየ። ኢንቴል በ2017 ማሟያውን እስከ 2020 ድረስ ለማስወገድ ማቀዱን አስታወቀ። ማሟያው በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 7 አርማውን እንኳ አሳይቶ ሳይጨርስ ይደነዝዛል።

ፍጥነት ራሱ እንቅፋት የሆነበት ጊዜም አለ። ዊንዶውስ 95፣ 350 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በሚሮጡ የኤኤምዲ ኬ6-2 ፕሮሰሰሮች ላይ ሲነሳ ስህተት እያሳየ ይቆም ነበር። በውስጡ ያለ አንድ ፕሮግራም የኮምፒውተሩን ፍጥነት ለማወቅ አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ ያስፈጽምና የፈጀውን ጊዜ ይለካል፤ ከዚያ በዚያ ጊዜ ያካፍላል። ፕሮሰሰሩ ሥራውን እጅግ ቶሎ ሲጨርሰው የተለካው ጊዜ ዜሮ ይሆናል፤ በዜሮ ማካፈል ደግሞ አይቻልም። ኬ6-2 ይህችን የድግግሞሽ ትእዛዝ ከኢንቴሎቹ ፈጥኖ ስለሚፈጽም ቀድሞ ተጠቃ። ፕሮሰሰሩ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋተኛው እንዲህ የሚፈጥን ማሽን ይመጣል ብሎ ያላሰበው ፕሮግራም ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየው በውሳኔ የመጣው እገዳ ነው። ማይክሮሶፍት በጥር 2016 ከስካይሌክ በኋላ የሚወጡ ፕሮሰሰሮች ድጋፍ የሚያገኙት በዊንዶውስ 10 ብቻ ነው ሲል አስታወቀ። በ2017 የጸደይ ወራት ደግሞ ነገሩ ተግባር ላይ ዋለ፤ የኢንቴል ኬቢሌክ ወይም የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 7 አፕዴት ሲጠይቅ፣ ፕሮሰሰርህ በዚህ እትም አይደገፍም የሚል መልእክት ይመጣለት ጀመር። ሲስተሙ በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ተነስቶ እየሠራ ነው ያንን መልእክት የሚያሳየው። የኩባንያው ምክንያት፣ አሮጌ ኮድ ከአዲስ ዕቃ ጋር ማጣጣም ከባድ ነው የሚለው፣ ከላይ ከታየው አንጻር ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም የደኅንነት ጥገናን መከልከል ከዚያ አልፎ የሚሄድ እርምጃ ነው። እገዳው ሊነካቸው የማይገባ አንዳንድ የኤኤምዲ ካሪዞ ፕሮሰሰሮችም አብረው መታገዳቸው የአሠራሩን ሻካራነት ያሳያል።

እንደምንም ተጭኖ ቢሠራ እንኳ አሮጌው ሲስተም አዲሱን ፕሮሰሰር በሙሉ አይጠቀምበትም። በ2021 መጨረሻ የወጣው የኢንቴል አልደር ሌክ በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ በአንድ ቺፕ ላይ ጉልበታምና ቆጣቢ የሆኑ ሁለት ዓይነት ኮሮችን ይዟል። ከባዱን ሥራ ለየትኛው፣ ቀላሉን ለየትኛው እንደሚሰጥ የሚያውቀው ዊንዶውስ 11 ነው። ዊንዶውስ 7 ሁሉንም እኩል ስለሚያያቸው ከባዱ ሥራ ቆጣቢው ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ታዲያ ለምን ይደከማል? የፋብሪካ ማሽን የሚመራ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያነብ ወይም የአሥር ዓመት ሒሳብ የያዘ ፕሮግራም አንዳንዴ ከአሮጌው ሲስተም ውጪ አይነሳም፤ የጻፈው ድርጅትም ፈርሶ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሁኔታ የተሻለው መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ኢንቴል ከ2005፣ ኤኤምዲ ከ2006 ጀምሮ ፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ለዚህ የሚያግዝ አቅም ጨምረዋል። አዲሱ ሲስተም ኮምፒውተሩን ይይዛል፤ አሮጌው በውስጡ እንደ አንድ ፕሮግራም ይነሳል፤ ለእሱ የሚታየው ዕቃም የማስመሰያ ነው። ለምሳሌ ኪውኢኤምዩ የተባለው ፕሮግራም ሌላ ካልተመረጠለት በቀር በውስጡ ለሚነሳው ሲስተም የሚያሳየው በ1996 የወጣውን የኢንቴል 440ኤፍኤክስ ቺፕሴት ነው። የዩኤስቢውም የዲስኩም የስክሪኑም ጣጣ በዚህ ይቀልላል። ትእዛዞቹን የሚፈጽመው ግን እውነተኛው ፕሮሰሰር ስለሆነ የዊንዶውስ 95 የዜሮ ማካፈል ችግር እዚህም ተከትሎ ይመጣል፤ ማስተካከያውን መጫን ግድ ነው። ከማሽን ጋር በልዩ ካርድ የሚገናኝ ፕሮግራምም በማስመሰያ ዕቃ ላይሠራ ይችላል።

የደኅንነቱ ነገር በዚህም አይፈታም። የዊንዶውስ 7 መደበኛ ጥገና በጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል፤ በክፍያ የሚሰጠውም በጥር 2023 ቆሟል። በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በብዛት የገባው ዊንዶውስ 7 ባለባቸው ኮምፒውተሮች ነበር፤ መከላከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት። አሁን ለሚገኝ ቀዳዳ ግን የሚጫን መከላከያም አይወጣም። ስለዚህ አሮጌውን ሲስተም በቨርቹዋል ማሽን የሚያስነሳ ሰው የኔትወርክ ካርዱን ነቅሎ፣ ፋይል የሚለዋወጥበትን አንድ ፎልደር ብቻ ከፍቶለት ቢያሠራው ይመረጣል።