የሠላሳ አራት ሰው አስታማሚ

አክስቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አምስት ሌሊት አብሬያት አድሬያለሁ። በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከጎኗ የተኙት እናት ግሉኮስ አልቆ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ አየሁ። ልጃቸው ወለሉ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ እንቅልፍ ጥሏታል። ተረኛዋን ፍለጋ ወጣሁ። ሌላ ክፍል ውስጥ ኦክስጅን ስትቀይር አገኘኋትና «ሲስተር፣ ግሉኮስ አልቋል» አልኳት። ዞር ሳትል «ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ ጎማ ወደ ታች አሽከርክራት፣ ይዘጋል። እመጣለሁ» አለችኝ። ዘጋሁት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣች።

ሊነጋ ሲል ሻይ ይዤላት ስሄድ የነገረችኝ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ። «አንተ የአንድ ሰው አስታማሚ ነህ፤ እኔ የሠላሳ አራት። ሁለት ነበርን፣ ጓደኛዬን ድንገተኛ ክፍል ወሰዷት።»

ሆስፒታል ያደረ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠው፣ ፖፖ የሚያቀርበው፣ የጠፋ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን የሚያካልለው ቤተሰብ ነው። ነርሷ መርፌውንና ቻርቱን ይዛ ትሮጣለች። «እናንተ ባትኖሩ ይህ ዋርድ አንድ ሌሊት አያድርም» አለችኝ። «ግን እናንተ ስላላችሁ ማንም ሰው አይጨምርልንም።»

ሙያው ሲጀመር እንዲህ አልታሰበም ነበር። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ እንደማንኛዋም ተማሪ ነርስ አልጋ ስታነጥፍ፣ ወለል ስትወለውል ተማረች። በጋይስ ሆስፒታልም ሠርታለች። ነፃነት ተመልሶ አገሯ በገባች በዓመቱ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በ22 ዓመቷ አረፈች። እንግሊዛዊቷ የመብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ ያሰባሰበችለት መታሰቢያ ሆስፒታሏ ዛሬ ብዙው ሰው ጦር ኃይሎች የሚለው ነው። «ሲስተር» የሚለውም ስም የመጣው በሽተኛ ያስታምሙ ከነበሩ መነኮሳት ነው። እንግሊዞች ለዋርድ ኃላፊዋ ብቻ ሲያስቀሩት እኛ ለሴት ነርስ ሁሉ ሰጠነው። (ወንዱን ነርስ ግን ወደደም ጠላም «ዶክተር» እንለዋለን።)

የነርስ ቁጥር የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ከተረጋገጠ ቆይቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ፔንስልቬንያ ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ የቀዶ ጥገና ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል 7 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ካሊፎርኒያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ነርስ የሚሰጠውን የታካሚ ቁጥር በሕግ ወስናለች። እኛ ዘንድ ሠላሳ አራት።

ሰው ጠፍቶ ቢሆን ባልገረመኝ። «የእህቴ ልጅ በነርስነት ተመርቃ፣ ፈተናውን አልፋ፣ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች» ትላለች ሲስተሯ። «እዚህ አልጋው ሞልቶ ፈሷል፣ እሷ እዚያ ቡና ታፈላለች። በጀት የለም ነው መልሱ።» ይህንኑ አንድ የዘርፉ ኃላፊ ዘንድ ይዤ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፣ ቀጥሎ ደብዳቤ ይዘህ ና። ደብዳቤውን አስገብቼ ስደውል «ጥያቄው የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው በየሆስፒታሉ በከፊል ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታስረዋል። ሲስተሯ ስለዚያ ማውራት አልፈለገችም። ስለ ቻርቱ ግን አወራች። «ሙቀትና ግፊት አራት ጊዜ ለኪ ይሉኛል። ሁለቴ ከደረስኩ ጎበዝ ነኝ። ቻርቱ ባዶ ከሆነ እጠየቃለሁ። በሽተኛው ሳይታይ ቢያድር ማን ይጠይቀኛል?» የቀሩትን ሁለት መስመሮች እንዴት እንደምትሞላቸው አልጠየቅኳትም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ወጣች። ዕቃችንን ስንሸክፍ የእናትየዋ ልጅ፣ ማታ ለገባ በሽተኛ አስታማሚ፣ ጎማዋ ወደየት እንደምትሽከረከር እያሳየቻት ነበር።